ነጩ፣ ቢጫውና አባዬ

ሰኞ 4

ዛሬ ቁመቱ አሥራ ሰባት ሜትር የሆነ ሰው አገኘሁ። ክብደቱ ስልሳ ሁለት ኪሎ። ከእሱ ዝቅ ብሎ ገና በሚቀጥለው ዓመት የሚወለድ ሽማግሌ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ጊዜ ነፍሰ ጡር ነው ተብሎ የተመዘገበ ወንድ። ሳቄ አመለጠኝ። ከግድግዳው ወዲያ የሚሠራው የሒሳብ ሹም ምን ተገኘ ብሎ ብቅ አለ፤ ሳሳየው እሱም ሲስቅ ቆየና ዓይኑን እየጠራረገ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እንጀራዬ ይሄ ነው። ፕሮፌሰሩ፣ ማለትም የልብ ክፍሉ ኃላፊና የእኔ አለቃ፣ ባለፉት ዓመታት እዚህ ሆስፒታል ለልብ ድካም የታከመውን ሰው ሁሉ መረጃ ከኮምፒውተር አስወጥተው ሰጡኝ። ስም የለም፣ ስልክ የለም። የታካሚው ቁጥር፣ ዕድሜው፣ መድኃኒቱና ቀኑ ብቻ። ጥያቄው አጭር ነው። ታካሚው «ነጩ» የሚለው የድሮ ክኒን ይሻላል ወይስ «ቢጫው» የሚለው አዲሱ? ለሙከራ ተመርጦ በመጣ ሰው ላይ አይደለም። እንዲሁ በየዕለቱ ተሰልፎ በሚታከመው፣ አንዳንዴ በሚረሳው፣ አንዳንዴ በሚቀረው ሰው ላይ የትኛው ከሆስፒታል አልጋ ያርቃል?

በሚቀጥለው ወር የመድኃኒት ኮሚቴው ይሰበሰባል። ቢጫው ካሸነፈ ነጩ ይወጣና ሁሉም ታካሚ ይቀየርለታል። ሁሉም ሲባል አባዬም አለበት፤ ነጩን መውሰድ ከጀመረ ቆይቷል። ይህን የጻፍኩት እንዲያው ለመረጃ ያህል ነው።

ረቡዕ 6

የረጅሙን ሰውዬ ቁመት አስተካከልኩ። አሁን እንደ ሰው አንድ ሜትር ከሰባ ሆኗል፤ ትንሽ አሳዘነኝ።

«የታካሚው ሁኔታ» የሚል ቦታ አለ። ሐኪሞቹ ከአራት አንዱን ይመርጣሉ፦ ተሽሎታል፣ ያው ነው፣ ብሶበታል፣ ሌላ። «ሌላ» የተባሉትን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንዱ ላይ «ተቆጥቷል» ይላል። አንዷ ላይ «ስለ ጎረቤቷ ብዙ ነገረችኝ»። ይህን ወደ ቁጥር ለውጪ ተብዬ ደመወዝ ይከፈለኛል።

ማታ አባዬ ቤት አደርኩ። እኛ ሰፈር ውሃ ጠፍቶ ነው።

ማክሰኞ 12

አሸነፈ! ቢጫው አሸነፈ። ያውም እንዲያው በዋዛ አይደለም፤ ቢጫውን ከሚወስዱት ውስጥ ሆስፒታል የተኙት ነጩን እየወሰዱ ከተኙት ግማሽ እንኳን አይሞሉም። ተሳስቼ እንዳይሆን ብዬ ደግሜ ሠራሁት። አሁንም ያው ነው።

ለፕሮፌሰሩ ሳሳያቸው ተነስተው በሩን ዘጉ፣ ከዚያ መልሰው ከፈቱት። ምን ሊያደርጉ እንደነበር የገባቸው አይመስለኝም። ከምሳ በፊት ላቦራቶሪው ሰምቷል። ከምሳ በኋላ የግቢው ጥበቃ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ፤ ስለምን እንደሆነ ብጠይቀው ግን እሱም አላወቀም።

ለአባዬም አፌን ሞልቼ ነገርኩት። ቢጫው ይበልጣል፣ በጣም ይበልጣል፣ ሐሙስ ወስጄ አስቀይርልሃለሁ አልኩት። ማን ነው ያገኘው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ነኝ ስለው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። አባዬ ለማንም ብሎ ድምፅ ቀንሶ አያውቅም።

ሐሙስ 14

አባዬን ይዤ ክትትል ክፍል ሄድኩ። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነውና ኮሪደሩ ላይ ያለው ረጅም አግዳሚ ወንበር የእሱ አውቶቡስ ነው። በወር አንዴ አብረውት የሚመጡትን ሁሉ ያውቃቸዋል፤ እነሱም «ሾፌሩ» ነው የሚሉት። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። ቢጫው ከነጩ እንደሚበልጥ፣ ያገኘችውም ልጁ እንደሆነች፣ ልጁም ይቺ እንደሆነች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞ ደስም ብሎኛል፣ ምን ልዋሽ።

የክትትል ክፍሏ ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ሐኪሙ ቢጫውን እንዳዘዘለት ነገረችን። ግን ዛሬ አይጀምርም። ለኩላሊት ምርመራ ደም ይሰጥና በወሩ ውጤቱ ታይቶ ነው ቢጫው የሚሰጠው፤ እስከዚያ ነጩን ይቀጥላል። የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው አለች። እኔ ይህን ስትናገር የአባዬን ኮት ፍለጋ አግዳሚው ሥር አጎንብሼ ነበር።

ሰኞ 18

ሩጫ ላይ ነኝ። ስላይድ። ፕሮፌሰሩ ሌላ ሆስፒታል ሄደው ሊናገሩ ነው። «ግማሽ» የሚለው ቃል በትልቁ ይጻፍ አሉ። ጻፍኩ። የበለጠ ይተልቅ አሉ። አተለቅኩት። ውሃ አሁንም የለም፤ አባዬ ጋ ነኝ።

እሁድ 24

ዛሬ እፎይ ያልኩበት ቀን ነው፤ በደንብ ልጻፍ።

ከአባዬ ጋር ዳቦ ልንገዛ ወጣን። ስንመለስ ደረጃው መሃል ቆመና የጎረቤቱን የአበባ ማሰሮ ማየት ጀመረ። ውሃ ያስፈልገዋል አለኝ። አበባው እኮ የፕላስቲክ ነው። ዳቦ ቤት የሄደውም በነጠላ ጫማ ነው፤ ቆዳ ጫማውን ዝናቡ አጥብቦብኛል ይላል። ሽማግሌ ሰው ሰበብ አያጣም።

ኮመዲኖውን ሳጸዳ የነጩ ክኒን ፓኬት ገና ያልተነካ ሆኖ አገኘሁት። አባዬ መድኃኒቱን አስቀድሞ ያስመጣል፤ ዕቃ አያያዝ እሱ ያውቃል። እኔና ባሌ ግን የጥርስ ሳሙና እንኳን ሳያልቅ መግዛት አልሆነልንም።

ማታ ሲተኛ ሦስት ትራስ ደረበ። ቲቪ ለማየት ነው አለ። ቲቪው ያለው ሳሎን ነው።

ሐሙስ 28

ባሌ ደውሎ ውሃ ከመጣ ሁለት ሳምንት እንዳለፈው ነገረኝ። ቧንቧውን ከፍቶ በስልክ አሰማኝ፤ የሾፌር ልጅ ሆነሽ የቤትሽ መንገድ ጠፋሽ ወይ ብሎም አሾፈ። ግፊቱን አላምነውም አልኩት። እሱም እሺ ብሎ ዘጋ።

ቅዳሜ 30

አባዬ ሆስፒታል ገባ። ጠዋት መተንፈስ አቃተው። እግሩ አብጦ ኖሯል። ነጠላ ጫማው! ሦስቱ ትራስ! እንዴት አላየሁም። እንዴት።

ሰኞ 2

ኦክስጅን ላይ ነው። እጁን ያዝኩት። ሥራ አልገባሁም።

ማክሰኞ 3

ዛሬ ኦክስጅኑን አነሱለት፣ ወዲያው አፉን ከፈተ። የጎን አልጋውን ታማሚ ስለ ጎማ ንፋስ ሲመክረው ነበር የደረስኩት። እንዴት ደስ እንዳለኝ ለማንም ለመናገር አልችልም፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

የተረኛው ሐኪም መድኃኒቱን በትክክል ይወስድ እንደነበር ጠየቀው። አባዬ ጣሪያውን አየ። ሐኪሙ ሲወጣ ነው ለእኔ የነገረኝ።

«ነጩን ተውኩት» አለኝ። «ቢጫው እስኪመጣ ብዬ።»

«ማን ተው አለህ አባዬ?»

«ቢጫው በጣም ይበልጣል አላልሽም? የማይረባውን ምን ብዬ ልዋጥ።»

አይረባም አላልኩም ብዬ ልከራከር ነበር። ግን ለአንድ ታማሚ ሰው «በጣም ይበልጣል» ማለት ምን ማለት ነው?  ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለኝና አግዳሚው ላይ የነበሩትስ ብዬ ጠየቅኩት። አባዬ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ። የተወሰኑት ትተዋል መሰለኝ አለ፤ በስልክ ሲደዋወሉ ነግረውታል። ሁሉም ቢጫውን እየጠበቀ ነው።

ወዲያው ለሲስተር ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። በዚያ ሐሙስ፣ በ14 የመጡትን ለያንዳንዳቸው እንደምትደውል ነገረችኝ። ስወጣ ግን ጠራችኝና ፈገግ አለች። ስለ ውሃ ችግራችን አባዬ ነግሯት ኖሯል። ባልሽ ከአባትሽ ጋር በየቀኑ ይደዋወላል፣ ውሃው መምጣቱን ከአንቺ በፊት ነው ያወቁት አለችኝ። ለካ ሽማግሌው ሁሉን እያወቀ ነው አልጋ ሲያነጥፍልኝ የነበረው። ስለ ልቡ ፈርቼ ነው አባዬ ጋ ያደርኩት። አሁን ጻፍኩት፤ ይኸው።

ሐሙስ 5

ሲስተር ከደወለችላቸው አብዛኞቹ እሺ ብለዋል። ሁለቱ ስልክ አላነሱም። አንዲት እናት ግን የሾፌሩ ልጅ ራሷ አገኘች ተብሏል፣ አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ ብለው ዘግተውባታል።

ዛሬ አዲሱ መረጃ ወደ ኮምፒውተሬ ገባ፤ በየሳምንቱ ይገባል። አባዬን አልፈለግኩትም። ስም የሌለውን ሰው መፈለግም አይፈቀድም። ብቻ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ አረፈ፦ ወንድ፣ ሰባ አንድ ዓመት፣ ቅዳሜ 30 የተኛ። ክብደቱንም አውቀዋለሁ፣ እኔው ነኝ የመዘንኩት። እሺ፣ ፈልጌዋለሁ።

መድኃኒቱ በሚለው ቦታ «ነጭ» ይላል። ውጤቱ፣ «ተኝቷል»።

ትክክል ነው አልኩና ልዘጋው ስል እጄ ቀረ። ምኑ ነው ትክክሉ? ሐኪሙ ቢጫውን አዞለታል። ቢጫው ከሚሰጣቸው ሰዎች አንዱ ነበር። የሚጠበቀው ወር ሳያልቅ ስለታመመ ብቻ ለነጩ ተቆጠረበት። ወሩን በጤና ቢጨርስ ኖሮ ግን ለቢጫው ይቆጠር ነበር። አግዳሚው ሥር አጎንብሼ የሰማሁት የሲስተር ድምፅ ተመልሶ መጣልኝ፦ የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው።

የሁሉም ሰው! በነዚያ ሁሉ ዓመታት ቢጫው የታዘዘለት ሰው ሁሉ ወር ጠብቋል። በወሩ ውስጥ የወደቀው ወደ ነጩ ተጽፏል፣ የተረፈው ብቻ ወደ ቢጫው አልፏል። እና እኔ ቢጫው ጋ የደረሱት ጠንካሮች ናቸው ብዬ ተደነቅኩ። በትልቁ ጻፍኩት። የበለጠም አተለቅኩት።

እሁድ 8

አባዬ ትናንት ከሆስፒታል ወጥቷል። ነጩን ጠዋት ጠዋት እኔ እያየሁት ይውጣል፤ ከዋጠ በኋላ ምላሱን አውጥቶ ያሳየኛል፣ ሳልጠይቀው።

እሱ ሲተኛ እንደገና ሠራሁት። አሁን ሰዓቱ የሚጀምረው ለሁሉም እኩል ነው፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዘበት ቀን። ቢጫው የታዘዘለት ሰው ገና ሳይውጠው ቢታመምም ለቢጫው ይቆጠራል። ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱ መስመሮች ተቃቅፈው ሄዱ። ነጩና ቢጫው እኩል ናቸው። ያ ሁሉ ድል የመድኃኒቱ አልነበረም፤ የወሩ ነው። ድካሜን ውሃ በላው ብዬ ልበሳጭ ሞከርኩ። ግን አባዬ ሲወስደው የኖረው ክኒን ደህና ክኒን ነው፤ እንዴት ልበሳጭ?

ከሰዓት ነገርኩት። በጥሞና አዳመጠኝ።

«ታዲያ እኔን የት ቆጠርሽኝ?»

«ከቢጫው።»

«አንዴ እንኳን ሳልውጠው?»

«አንዴ እንኳን ሳትውጠው።»

ምስኪን ቢጫ፣ በእኔ ጦስ ነው የተዋረደው ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። አንድ ነገር ግን ሲያብሰለስለኝ ዋለ። ነጩን እንደተወ ስለማውቅ የእሱን መስመር ላውጣው? ይህን የማውቀው ልጁ ስለሆንኩ ነው እንጂ መረጃው አይልም። የሌሎቹን ልጆች ማን ጠየቃቸው? በእያንዳንዱ መስመር ላይ እንዲህ ያለ ኮመዲኖ ሊኖር ይችላል። ተውኩት፤ እንዳለ ይቆጠር።

ሰኞ 9

ለፕሮፌሰሩ ልነግር ሄድኩ። በደስታ ተቀበሉኝ። ስለ አየሩ አውርተን ወጣሁ። ፈሪ።

ማክሰኞ 10

ዛሬ አየሩን አላነሳሁም። ሁለቱን ሠንጠረዦች ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁና ሩጫ ነው እንበል አልኳቸው። አንዱን ቡድን ከመነሻው ጀምረን እንቆጥራለን፣ የወደቀውን ሁሉ እንጽፋለን። ሌላውን ቡድን ግን መቁጠር የምንጀምረው የመጀመሪያውን ዙር ሲጨርስ ነው፤ በዚያ ዙር ከመካከላቸው የወደቀ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው ቡድን ስም እንመዘግበዋለን። ከዚያ ይሄኛው ቡድን ብርቱ ነው ብለን እናጨበጭባለን።

መነጽራቸውን አወለቁ። ረጅም ጊዜ ሠንጠረዡን አዩ። 

«ማን ነው ያገኘው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔው ነኝ።»

«አይቼ ያሳለፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የተሳሳተውን ለስንት ሰው ነገርሽ?»

«ለአንድ ሰው። ለአባቴ።»

«እኔ ለስንት እንደነገርኩ ታውቂያለሽ?»

አውቃለሁ። ስላይዱን የሠራሁት እኔ ነኝ።  አንገታቸውን ደፉ፤ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቁ ነው። «ግማሽ» የሚለውን አተልቂው ያልኩሽ እኔ ነኝ አይደል አሉ። ሁለተኛ ጊዜም ብለውኛል አልኳቸው። ስልካቸውን አንስተው ወደዚያኛው ሆስፒታል ደወሉና፣ እኔ እዚያው ቁጭ እንዳልኩ፣ የነገርኳችሁ ስህተት ነው አሉ። 

ረቡዕ 11

ኮሚቴ። ፕሮፌሰሩ የመጀመሪያውን ቃል ራሳቸው ተናገሩ፤ ከአፌ የሰማችሁትን እርሱልኝ አሉና ለእኔ ለቀቁ።  አንዱ የኮሚቴ አባል ይህን ያህል ሠርታችሁ ምንም አላገኛችሁም ማለት ነው አሉኝ። አግኝተናል፤ እኩል መሆናቸውን አገኘን፣ ነጩ የሚስማማውን ሰው በግድ የምንቀይርበት ምክንያት እንደሌለ አገኘን አልኩ። ተወሰነ፦ ነጩ አይወጣም። ለጊዜው ሁለቱም ይኖራሉ፣ ሐኪምና ታካሚ ተነጋግረው ይምረጡ። የሚጠበቀውም ወር እንዲያጥር ላቦራቶሪው ይጠየቃል።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ የሒሳብ ሹሙ ረጅሙ ሰውዬስ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት።

ሐሙስ 12

የአባዬ ቀጠሮ ዛሬ ነበር፤ አግዳሚው ጢም ብሏል። ሲስተር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ስልክ ያላነሱት ሁለቱ ያውና አለችኝ፣ የዘጉባትም እናት ከጫፍ ተቀምጠዋል። ራስሽ ካልነገርሻቸው አይሰሙኝም አለች።

የምለውን ስለማመድ ነው ያደርኩት። ቆምኩና «በጥናቱ የአቆጣጠር ዘዴ ላይ በታየው ክፍተት ምክንያት» ብዬ ጀመርኩ። ፊት ለፊት ያሉት ሽማግሌ እጃቸውን ጆሮአቸው ላይ አደረጉ። አንዷ ስለ ኩላሊት ነው ብላ ለጎረቤቷ አስረዳች።  አባዬ ትከሻዬን ተደግፎ ተነሳ።

«ስሙኝማ» አለ፤ የኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማው በዚያ በአውቶቡሱ ድምፅ። «ባለፈው ልጄ አገኘች ብያችሁ ነበር። ልጄ ተሳስታለች። መሳሳቷንም ያገኘችው ራሷ ናት፣ ለአለቆቿም ራሷ ናት የነገረችው። ነጩና ቢጫው እኩል ናቸው። እኔ ነጩን ትቼ እዚሁ ፎቅ ላይ ተኝቼ ነው የወጣሁት። የተወ ሰው ካለ አሁኑኑ ለሲስተር ይንገር።»

ልጄ ተሳስታለች ሲል ደረቱን ነፍቶ ነበር። ልጄ አገኘች ያለበት ቀን እንኳን እንዲህ አልነፋም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ፕሮፌሰሩ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሰምተው ቆመው ኖሯል። ነጭ ጋዋናቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ነው የያዙት። መጡና አግዳሚው ላይ በተገኘችው ጠባብ ቦታ ተቀመጡ፤ እኔም ተሳስቻለሁ አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ፕሮፌሰሩ መሆናቸውን አላወቁም። ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው «አይዞህ ልጄ፣ ሲስተር ደግ ናት፣ ንገራት» አሏቸው።

 ከዚያ ከጫፍ የተቀመጡት እናት ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ያልተነካ የነጩን ፓኬት አወጡና ለሲስተር አሳዩአት። ሲስተር ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ካቆሙ ስንት ቀን እንደሆናቸው ጠየቀች፣ ሐኪሙን አማክራ መጣች፣ መውሰድ ይችላሉ አለች። እናትየው አንዷን ክኒን መዳፋቸው ላይ አድርገው እኔን አዩኝ፤ ውሃ የያዘ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ።